ሽቦ የታሰረ ጥርስ ምን ይበላል?

እኛ አራት ዕጩ መምህራን ከሸዋ በር ወጣ ብሎ ባለ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን በጋራ እያበሰልን እንኖራለን። ከመካከላችን አንዱ በክረምቱ ዕረፍት አዲስ አበባ ሄዶ ጥርሱን በሽቦ አሳስሮ ተመለሰ። ገንዘቡን የላከችለት ዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው ታላቅ እህቱ ናት። መጀመሪያ ላይ ሳቅንበት፤ አንክድም። «አፍህን በቆርቆሮ አጠርከው እንዴ?» ያልነው እኛው ነን። በሁለተኛው ወር ግን ፈረስ መጋላ ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች ዘንድ ቢመዘን ከ58 ኪሎ ወደ 53 ወርዶ ተገኘ። ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ። ልጁ ራሱ «አስፈትቼው ልገላገል» ማለት ጀመረ። የእህቱ የስንት ወር ደመወዝ ነው እንዲህ በዋዛ የሚፈታው?

እንግዲህ ነገሩን እንደ ቤት ሥራ ያዝነው። ያገኘነውን አነበብን፤ የጤና ባለሙያ ጠየቅን፤ ከሁሉም በላይ በገዛ ድስታችን ሞከርነው። ሽቦ ያሰረው አንድ ሰው ቢሆንም፣ ከምንጽፈው ውስጥ አብዛኛው ሽቦ ለሌለውም አፍ የሚሆን ስለ መሰለን እዚህ ግድግዳ ላይ ለጠፍነው።

በመጀመሪያ ሽቦው ምን እንደሚሠራ እንመልከት። ብዙዎቻችን ጥርስ በአጥንት ውስጥ እንደ ምስማር የተመታ ይመስለናል። እንዲያ አይደለም። በጥርሱ ሥርና በመንጋጋው አጥንት መካከል ቀጫጭን የጅማት ክሮች አሉ፤ ጥርሱ የተንጠለጠለው በእነርሱ ላይ ነው። ሽቦው ጥርሱን ቀስ ብሎ ወደ አንድ ጎን ሲገፋው፣ በተገፋበት በኩል ያለውን አጥንት የሚያሟሙ ሕዋሳት ይሰበሰባሉ፤ በተለቀቀው በኩል ደግሞ አዲስ አጥንት የሚሠሩ ሕዋሳት ይመጣሉ። አንዱ ግድግዳ ሲፈርስ ሌላው ሲገነባ ጥርሱ ይጓዛል ማለት ነው። ጉዞው ግን የኤሊ ነው፤ በወር አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ። ስለዚህ ሥራው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ በየአራት እስከ ስምንት ሳምንቱም ሐኪሙ ዘንድ ቀርቦ ሽቦውን ማስጠበቅ ወይም ማስለወጥ ያስፈልጋል። ይህን ስንሰማ አንድ ነገር ገባን፦ በዚህ ሁሉ ጊዜ የጓደኛችን መንጋጋ የግንባታ ቦታ ነው። ግንባታ ደግሞ ዕቃ ይፈልጋል። ዕቃው ምግብ ነው።

ሙያው አዲስ አይደለም። ፒየር ፎሻር የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1728 ባሳተመው መጽሐፍ ጥርስን በብረት ጠፍጣፋና በክር እያሰሩ ማስተካከልን ገልጿል። አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል እ.ኤ.አ. በ1899 የጥርስ አገጣጠም ጉድለትን በዓይነት በዓይነቱ ከፋፍሎ ሙያውን መልክ አስያዘው። ያኔ በየጥርሱ ዙሪያ የብረት ቀለበት መጠምጠም ግድ ነበር። ማይክል ቡኖኮር እ.ኤ.አ. በ1955 የጥርስን ገጽ በስሱ በአሲድ ሸከርከር አድርጎ ማጣበቅ እንደሚቻል ካሳየ በኋላ ግን ትናንሽ ብረቶችን በጥርሱ ፊት ላይ በሙጫ መለጠፍ ተቻለ። ሐኪሞቹ ብራኬት ይሏቸዋል፤ እኛ ቤት «ቁልፍ» ነው የምንላቸው፤ የሸሚዝ ቁልፍ ስለሚመስሉ።

ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። ሙጫው ሲያበቃ ጥርሱን ሳይጎዳ እንዲላቀቅ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ስለዚህ ጠንካራ ነገር ሲነከስበት ይላቀቃል። እስቲ አሁን ሐረር የሚኖር ተማሪ በቀን ምን ምን እንደሚቆረጥም አስቡት! የባቢሌ ለውዝ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የተጠበሰ በቆሎ፣ ሸንኮራ አገዳ። አንድ ማታ ለፈተና ስናጠና መሐል ላይ ቆሎ አስቀምጠን ነበር። ጓደኛችን «አንድ ጭብጥ ብቻ» ብሎ አነሣ። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማን፤ ቁልፏ ከነሙጫዋ ተላቃ ሽቦው ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። አዲስ አበባ ከዚህ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ፈተና ደርሷል፤ የመሳፈሪያ ብርም የለም። ሦስት ሳምንት እንደ ተንጠለጠለች ቆየች፤ ያ ጥርስ ሳይገፋ በቆየ ቁጥር ሥራው ይጓተታል፤ ወደ ቀድሞ ቦታው ሊመለስም ይችላል። የአንድ ጭብጥ ቆሎ ዋጋ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ እኛም ቆሎአችንን የምንበላው ደጅ ወጥተን ነው። ትንሽ ግፍ ይመስላል፤ ግን ሽታው ብቻ ልቡን ሲሰልበው አይተናል።

ይሁን እንጂ ልጁን ያከሳው ቆሎ መተዉ አልነበረም። ያከሳው ሌላ ነው። ሽቦው በታሰረ ወይም በጠበቀ ቁጥር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት፣ አንዳንዴም እስከ ሳምንት፣ ጥርስ ለንክሻ ያማል። እሱ ታዲያ ምን አደረገ? ሦስት ማንኪያ ስኳር የተጨመረበት ሻይ ውስጥ ብስኩት እየነከረ ዋለ። ቁርሱም ሻይ፣ ምሳውም ሻይ፣ ራቱም ሻይ! ሕመሙ ካለፈም በኋላ ልማድ ሆነበት። ሆዱ የሞላ ይመስለዋል፤ ሰውነቱ ግን ይራባል። በአንድ በኩል ሥጋና አጥንት የሚሠራውን ምግብ አጣ፤ በሌላ በኩል ጥርሱን ቀኑን ሙሉ በስኳር አጠበው። በአንድ ጥይት ሁለት ጉዳት ማለት ይኸ ነው።

ሒሳቡን አብረን ሠራን። አንድ ጎልማሳ ሰው በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 0.8 ግራም ያህል ፕሮቲን በቀን ያስፈልገዋል። ለ55 ኪሎ ሰው 44 ግራም መሆኑ ነው። ሁለት እንቁላል 12 ግራም ያህል፣ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ያህል፣ 100 ግራም የሽሮ ዱቄት 20 ግራም ያህል ይሰጣሉ፤ የቀረውን እንጀራው ይሞላዋል። ከእነዚህ ውስጥ ማኘክ የሚያስቸግር አለ? አንድም የለም። እንዲያውም የአገራችን ምግብ ለዚህ ሰው የተፈጠረ ነው ብንል አላጋነንም። ፈረንጅ አገር ሽቦ ያሰረ ሰው የዳቦ ቅርፊትና የሥጋ ቁራጭ ሲያሳስበው፣ እኛ እንጀራ በወጥ አርሰን እንውጣለን። ጤፍ ካልሲየምና ብረት አለው። ገንፎ በቅቤ፣ አጥሚት፣ ፍትፍት፣ እርጎ፣ ደህና የተቀቀለ ድንችና ካሮት፣ ምስር ክክ፣ ፉል፣ ሹርባ፤ ይህ ሁሉ ሽቦውን ሳይነካ ያልፋል። ሥጋም ቢሆን አይከለከልም፤ ደቅቆ ይከተፍ ወይም እስኪልም ይቀቀል። አጥንት መጋጥና ቁርጥ በጥርስ ይዞ መጎተት ግን ይቅር።

ገንፎ በቀን በቀን ስናገነፋለት «የአራስ ምግብ አደረጋችሁኝ» ብሎ አኮረፈ። አከራያችን እናት ሰምተው ሳቁና «ልጄ፣ በዐሹራ ዕለት እኮ ጅቡም ገንፎ በቅቤ ነው የሚቀርብለት» አሉት። እውነት ነው፤ የሐረር ሰው በዐሹራ ማታ ለጅብ ገንፎ ማቅረቡ የቆየ ልማድ ነው። አጥንት የሚሰባብር መንጋጋ ያለው አውሬ ገንፎ ካልናቀ እኛ ማን ነን? እሳቸው ናቸው ሁልበት መረቅንም ያለመዱን፤ አብሽ ተመትቶ ከሥጋ መረቅ ጋር የሚቀርበው የጀጎል ምግብ ነው። ሥጋው እስኪፈርስ ስለሚበስል ድዱ ባበጠበት ሳምንት እንኳ ይበላዋል።

የጾም ነገርስ? ኦርቶዶክሳዊ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል፤ በዚያ ጊዜ እንቁላሉም ወተቱም የለም። እዚህ ላይ ሱፍ ፍትፍትና ተልባ ይታደጉናል። ሰሊጥም በካልሲየም የበለፀገ ነው፤ ብቻ ፍሬው እንዳለ ከሆነ በሽቦው ሥር ገብቶ አይወጣም፤ ተወቅጦ ወይም ተፈጭቶ ይሁን። ሹሮና ምስር ከእንጀራ ጋር ሲበሉ ፕሮቲናቸው እርስ በርስ ይሟላል። ረመዳን የሚጾም ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ችግሩ ማታ ማታ ነው፤ ተምር፣ ሳምቡሳ፣ ጣፋጭ መጠጥ በአንድ ላይ ይመጣል። ተምር ጥሩ ምግብ ነው፤ ግን ይጣበቃልና ፍሬውን አውጥቶ በወተት አርሶ መብላት፣ ከሱሑር በኋላም ጥርስ ሳይቦርሹ አለመተኛት።

ስለ ፍራፍሬ አጭር ነገር እንበል። ጥርስን የያዙት የጅማት ክሮች የሚሠሩት ኮላጅን ከሚባል ነገር ነው፤ ኮላጅን ደግሞ ያለ ቫይታሚን ሲ አይሠራም። በድሮ ዘመን በመርከብ ብዙ ወር የሚጓዙ ባሕርተኞች ትኩስ ፍራፍሬ አጥተው ድዳቸው እየደማ ጥርሳቸው ይወልቅ የነበረው ከዚህ የተነሣ ነው። ሐረር ተቀምጦ ቫይታሚን ሲ ማጣት ያሳፍራል! ብርቱካኑ፣ ማንጎው፣ ፓፓያው አለ። ዘይቱን ከብርቱካን በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ግን ፍሬዋ ጠጠር ናት፤ ጨምቆና አጥልሎ መጠጣት ነው። ጊሽጣም ፍሬውን እየተፉ ነው።

አሁን ወደ ስኳሩ እንመለስ፤ ዋናው ጠላት እሱ ነውና። በአፋችን ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳር ሲያገኙ ወደ አሲድ ይለውጡታል። አሲዱ ኢናሜል የሚባለውን ጠንካራውን የጥርስ ሽፋን ያሟሟል። ምራቅ አሲዱን አጥቦ፣ የተወሰደውንም ማዕድን መልሶ ጥርሱን ይጠግነዋል፤ ለዚህ ግን ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ጊዜ ይፈልጋል። እንግዲህ አንድ ብርጭቆ ጣፋጭ ሻይ በአንድ ጊዜ የጠጣና ያንኑ ብርጭቆ ለሁለት ሰዓት ፉት ፉት ሲል የቆየ ሰው እኩል አይጎዱም። ሁለተኛው ሰው ጥርሱን ሁለት ሰዓት ሙሉ አሲድ ውስጥ ዘፈዘፈው። ስዊድን አገር ሉንድ ከተማ አጠገብ በሚገኘው ቪፔሆልም ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ በተደረገ ጥናት፣ ጥርስን አብልጦ የሚያበላሸው ከምግብ ጋር የሚበላው ስኳር ሳይሆን በምግብ መካከል የሚበላው፣ የሚጣበቀው ጣፋጭ መሆኑ ታይቷል። ጥናቱ የተደረገው ግን እሺም እምቢም ማለት በማይችሉ የአእምሮ ሕሙማን ላይ ነው፤ ከረሜላ እያበሉ ጥርሳቸው እስኪበሰብስ ጠበቁ። እውቀቱን ስንጠቀምበት ይህንንም ማወቅ ይገባል።

ሽቦ ባለበት አፍ ደግሞ ነገሩ ይከፋል፤ በየቁልፉ ዙሪያ ምግብ የሚደበቅበት ጥግ ብዙ ነው። ጥርሱ ካልጸዳ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ እንኳ በቁልፉ ዙሪያ ኖራ የመሰለ ነጭ ምልክት ሊወጣ ይችላል። ያ የመበስበስ መጀመሪያ ነው። ሁለት ዓመት ተሰቃይቶ ሽቦው ሲፈታ ቀጥ ያለ ግን ነጠብጣብ ያለበት ጥርስ ማግኘት አለ። በዚህ የተነሣ የሐረር ሐላዋና ሙሸበክ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከምሳ ጋር፣ ወዲያውም አፍን መጉመጥመጥ በሚል ስምምነት ተፈቀዱ። ሙሉ በሙሉ እንከልክል ያለም ነበር፤ ነገር ግን ሐረር እየኖሩ ሐላዋን እስከ ወዲያኛው መሐላ የሚቻል አይደለም።

ጫትን ዘለን እንዳናልፍ። ከአወዳይ የሚመጣውን ጫት በየቤቱ የሚቅመው ሰው ብዙ ነው፤ እኛ ለመፍረድ አልተነሣንም። ሽቦ ላሰረ ሰው ግን ሦስት ነገር ያደርስበታል። አፍን ያደርቃል፤ ምራቅ ሲጠፋ ጠጋኙ ጠፋ ማለት ነው። የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ከእሱም ጋር ለስላሳ፣ ስኳርና ለውዝ ይመጣል፤ ቅጠሉም ለብዙ ሰዓት በአንድ ጉንጭ ታጭቆ ሽቦው ላይ ይጠመጠማል። ጓደኛችን ከክብደቱ መቀነስ ውስጥ የጫቱ ድርሻ ስንት እንደ ሆነ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም። በፈተና ሰሞን ግን ያየነውን አይተናል።

ጽዳቱ እንዴት ይሁን? ወላጆቻችን በመፋቂያ ነው ያደጉት፤ ጥርሳቸውም ከብዙዎቻችን ይሻላል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1986 መፋቂያ በለመደበት አገር እንዲጠቀሙበት አበረታቷል። ነገር ግን እንጨቱ በሽቦው ሥር አይገባም፤ አጥብቆ የገፋም ቁልፉን ሊነቅል ይችላል። ስለዚህ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽና ፍሎራይድ ያለበት ሳሙና ግድ ነው። ከሽቦው በላይ ወደ ታች አዘንብሎ፣ ከሽቦው በታች ወደ ላይ አቅንቶ፣ ቢያንስ ጠዋትና ማታ። መፋቂያው ለማኘኪያው ገጽና ለውስጥ በኩል ይቆይ።

«ውኃ ከየት መጥቶ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ከደረቀ ወዲህ ሐረር የውኃን ነገር ያውቃል፤ እኛም በጄሪካን ነው የምንኖረው። ደግነቱ ለጥርስ የሚበቃው አንድ ስኒ ነው። ከቦረሹ በኋላ አረፋውን እንትፍ ብሎ በብዙ ውኃ አለመጉመጥመጥ ይመረጣል፤ ፍሎራይዱ ጥርሱ ላይ እንዲቆይ። ብዙ ውኃ የሚያስፈልገው ከመቦረሽ በፊት የምግብ ፍርፋሪ ለማስለቀቅ ነው፤ ለዚያም የመጠጥ ውኃን ሁለት ሦስት ጊዜ በአፍ ማንቀሳቀስ ይበቃል። እግረ መንገዳችንን፣ ከመተሐራና ከወንጂ አካባቢ የመጡ ጓደኞቻችን ጥርስ ቡናማ የሆነው ባለመቦረሽ አይደለም፤ በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ካለው ከመጠን ያለፈ ፍሎራይድ የተነሣ በልጅነት የመጣ ነው። በዚህ የሚቀልድ ካለ ይተው።

ድድ መድማቱ ጓደኛችንን በጣም አስፈርቶት ነበር። አከራያችን «ድድህን ብትነቀስ ነበር የሚሻልህ» አሉት፤ በእሳቸው ዘመን ንቅሳት ጌጥም መድኃኒትም ነበር። የሚደማው ግን ቆሻሻ ስለ ተጠራቀመበት ነው፤ ፈርቶ መቦረሽ ሲተው ይብስበታል። በቀስታ በቦረሸ በአሥር ቀን ገደማ ቆመ። የሽቦው ጫፍ ጉንጭ ሲወጋ በማንኪያ ጀርባ ቀስ አድርጎ ማስተኛት፣ ካልሆነ ለዚሁ የተሠራ ሰም መለጠፍ፤ ቁስሉን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በተሟሟበት ለብ ያለ ውኃ መጉመጥመጥ። በምላጭም በመቀስም ራስን ሐኪም ማድረግ አይገባም።

ልጁ ከሁሉ በላይ የፈራው የማስተማር ልምምዱን ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት «ሰ» እና «ጸ» ያፏጩበት ነበር። ማታ ማታ እያነበበ እኛ ተማሪ ሆነን ሰማነው፤ ምላስ ይለምዳልና ተስተካከለ። የተመደበው አንደኛ ክፍል ነው። በገባ በመጀመሪያው ቀን አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ አፍህ ውስጥ ምንድን ነው?» አለችው። እሱም ደፈር ብሎ ወደ መስኮቱ ተጠግቶ አሳያቸው፤ ክፍሉ በሙሉ በተራው አፉን ከፍቶ አሳየው። የስድስት ዓመት ልጅ አፍ ገበያ ነው፤ የወተት ጥርስ ይወልቃል፣ ከኋላ የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ይበቅላል። ብዙ ወላጅ ያንን መንጋጋ የወተት ጥርስ ስለሚመስለው ቢቦረቦር «ይወልቃል» ብሎ ይተወዋል፤ ምትክ ግን የለውም። ከልጆቹ መካከል በሕፃንነቱ ለተቅማጥ ተብሎ ድዱ ተፈልፍሎ የወተት ጥርሱ የወጣበት ይኑር አይኑር አላወቅንም። የጓደኛችን ጥርስ ተደራርቦ የበቀለው ግን በዚህ ሰበብ መሆኑን ሐኪሙ ነግሮታል። ጥርሱ ያለ ጊዜው ሲወጣ ቦታውን ጎረቤቶቹ ይይዙታል፤ ከሥሩ ያለው የቋሚው ጥርስ ፍሬም ይጎዳል። እናቱ ያደረጉት ልጃቸው እንዳይሞትባቸው ብለው ነው። ዕዳውን ደግሞ ይኸው እህቱ ዐረብ አገር ትከፍላለች።

ፍንጭቱን ግን ሐኪሙ እንዳይዘጋበት ለምኖታል። በእናቱ የመጣ ነው፤ ሰው ያደንቅለታል። ሐኪሙ «እንየው» ብሏል።

ባለፈው ቅዳሜ ፈረስ መጋላ ሄደን አስመዘንነው፤ 56 ኪሎ። የሚቀጥለው ቀጠሮው የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ባለቀ ማግስት ነው። አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ስለሚነሣ ስንቁ በዋዜማው መዘጋጀት አለበት። ስንቅ ሲባል እስከ ዛሬ የምናውቀው ዳቦ ቆሎ ነበር። አሁን አንደኛችን ቂጣ ፍርፍር በቅቤ ይላል፣ ሌላው የተቀቀለ እንቁላልና ሙዝ፤ እሱ ራሱ አዋሽ ሲደርስ ትኩስ ፍርፍር እበላለሁ እያለ ነው። እስካሁን አልተስማማንም።